የጨዋታው ባለቤትና ጎረቤቶቹ

ጫንጮን የሚያውቅ የሐምሌ ብርዷን ያውቃል። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥታችሁ፣ ሱሉልታን አልፋችሁ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ የምታገኟት ደጋ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ከቀትር በኋላ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ልጅ ከቤት ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ክረምት ከሜሪላንድ ሊጠይቀኝ የመጣው የአሥራ ስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሻንጣውን የፈታው እንዲህ ባለ ቀን ነበር። እናቱ የላከችልኝን ሹራብና የደም ግፊት መለኪያ አወጣ፤ ከሥራቸው አምስት ወፋፍራም መጻሕፍትና አንድ የጨርቅ ከረጢት ብቅ አሉ። የአንዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ፤ በሌላው ላይ ቀንድ ያበቀለ ፍጡር። ከረጢቱን ሲያራግፈው ደግሞ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሁለት፣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይሶች ጠረጴዛዬ ላይ ተበተኑ።

ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ነበር። መጽሐፉን አየችው፣ አማተበች፣ ልጁ ወደ ጓዳ ሲገባ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ደኅና አይመስለኝም። ጠበል ቢወስዱት ምን ይመስልዎታል?»

አልዋሻችሁም፣ እኔም ደንገጥ ብያለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በጤና ጣቢያ የሠራሁ ነርስ ነኝ። የበሽተኛውን ታሪክ ሳንጠይቅ መርፌ አንይዝም። ስለዚህ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩና «እስቲ ንገረኝ» አልኩት።

ነገሩ ተረት ነው። አንዱ ተጫዋች ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ደግሞ በተረቱ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ጦረኛ፣ ሌባ፣ ሐኪም፣ አዝማሪ። ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ይመካከራሉ። ሐሳባቸው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዳይሱ ነው። እኛ ልጆች ሆነን እሳት ዳር ተሰብስበን አያቶቻችን ሲያወሩልን «ከዚያስ?» እያልን እንደምናቋርጣቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ያቋረጠው ልጅ ራሱ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። የጨዋታው ስም ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ እናቶች እንደ ጎረቤቴ ፈርተውት፣ ሰይጣን ያስመልካል ብለው ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰው ነበር። ፍርሃቱ ከጊዜ ጋር በረደ፤ ጨዋታው ቀረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ የእነሱ ነውና።)

ዋናው ጭንቀት ግን የመጣው በማግስቱ፣ በስልክ ነው። ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ አንቺን ይሰማሻልና ምከሪልኝ። በትርፍ ጊዜው ሠርቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ ለሰዓሊ ሊከፍል ነው። የሰው ኩባንያ ጨዋታ ላይ የራሴን መጽሐፍ ጽፌ እሸጣለሁ ይላል። ትምህርቱስ? ደግሞስ ነገ ክስ ቢመጣብን? አሜሪካ እኮ ነው ያለነው!»

የክስ ነገር ልቤን ነካው። ልጁን ጠርቼ «የሰው ማሳ ላይ ነው እንዴ የምታርሰው?» አልኩት። እሱ ሳቀ። አምስቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነሳ የአሳታሚያቸውን ስም አሳየኝ። የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የሚባል ኩባንያ ነው። ከአምስቱ የእሱ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስቱን ያሳተሟቸው ሌሎች ናቸው። «ሦስተኛ ወገን አሳታሚ ይባላሉ፣ እምዬ» አለኝ። ታዲያ ባለቤቱ ለምን ዝም አላቸው? ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን ለምን ፈቀደላቸው? ዝናቡ ሳያቋርጥ ለሦስት ቀን ያከራከረን ጥያቄ ይህ ነው። እሱ ከስልኩ እያነበበ በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳኛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ድሮዬ በደብተር እጽፋለሁ።

በመጨረሻ ነገሩ የገባኝ በታናሽ ወንድሜ መኪና በኩል ነው። ወንድሜ ሾፌር ነው። ከዓመታት በፊት ዋጋዋ ረከስ ያለች፣ የፋብሪካዋን ስም የማልጠራው ሚኒባስ ገዛ። አንድ ቀን ፓምፗ ተበላሸ። ዕቃው አገር ውስጥ የለም። ከውጭ እስኪመጣ አራት ወር ቆመች፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእኔ ደመወዝ ወጣ። በኪሳራ ሸጣትና አሮጌ ቶዮታ ገዛ። ለምን ቶዮታ? «ሶማሌ ተራ ሄጄ የማላገኘው የቶዮታ ዕቃ የለማ» ነበር መልሱ። እንግዲህ አስቡት። ቶዮታ ለሶማሌ ተራ ነጋዴ ደመወዝ አይከፍልም። ጋራዥ ውስጥ በዘይት ለሚጨማለቀው መካኒክም አይከፍልም። ግን ሰው ቶዮታ የሚገዛው እነሱ ስላሉ ነው። ባለሱቆቹ ለራሳቸው እንጀራ ሲሮጡ የፋብሪካውን መኪና ይሸጡለታል።

የጨዋታው ታሪክም እንዲሁ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የሚባሉ ሰዎች ሠርተው በ1974 አወጡት። አሳታሚው ዊስኮንሲን ውስጥ የነበረ ቲ.ኤስ.አር የሚባል ትንሽ ድርጅት ነበር፤ የመጀመሪያው ኅትመት አንድ ሺህ ቅጂ ነው። ቲ.ኤስ.አር ያን ጊዜ ያወጣው ሕጉን ነው። ተረቱን ተራኪው ራሱ ይፍጠር ብሎ ነበር፤ ተዘጋጅቶ የተጻፈ ተረት የሚገዛ ሰው ይኖራል ብሎም አላሰበም። በ1976 ጃጅስ ጊልድ የሚባል ሌላ ድርጅት አንድ ሙሉ ከተማ ከነመንገዱ፣ ከነሱቁ፣ ከነነዋሪው አዘጋጅቶ ሸጠ። ሰው ተሻማበት። ልክ ነው፤ ከሥራ ደክሞ የገባ ተራኪ በየሳምንቱ አዲስ ተረት ከየት ያመጣል? ቲ.ኤስ.አር ራሱን የቻለ የጀብዱ መጽሐፍ ለብቻው መሸጥ የጀመረው በ1978 ነው። ገበያ መኖሩን ጎረቤት ካሳየው በኋላ ማለት ነው።

በኋላ ግን ቲ.ኤስ.አር አደገና ከፋ። ጎረቤቶቹን በጠበቃ ማሳደድ ጀመረ። በራሱ ቤት ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራ፦ ለአንድ ጨዋታ ብዙ የተለያዩ ዓለሞች እያከታተለ አሳተመ፣ ገዢው ተከፋፈለ፣ የአንዱን ዓለም መጽሐፍ የሚገዛ የሌላውን አይገዛም። በ1997 ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ሳለ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገዛው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊዛርድስን ራሱን ሃዝብሮ የተባለው ግዙፍ የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዛው።

እዚህ ላይ ሪያን ዳንሲ የሚባል የዊዛርድስ ሠራተኛ ይመጣል። እኔ እንደገባኝ የሰውየው ሒሳብ ቀላል ነው። አምስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ የሕጉን መጽሐፍ አምስቱም ሊገዙት ይችላሉ። የተረቱን መጽሐፍ የሚገዛው ግን ተራኪው ብቻ ነው። ስለዚህ ተረት ማሳተም ለትልቅ ኩባንያ ትርፉ ቀጭን ነው፤ ለሁለትና ሦስት ሰው ድርጅት ግን እንጀራ ነው። ታዲያ ተረቱን ለእነሱ ተዉላቸው። እነሱ ተረት በሸጡ ቁጥር ያን ተረት ለመጫወት የእኛ የሕግ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ሌላም ጨመረበት። ሰው ጨዋታ የሚመርጠው አብሮት የሚጫወት ስለሚያገኝ ነው፤ አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር ያ ሕግ ይበልጥ ይፈለጋል። በዘርፉ ውስጥ ማንም ቢለፋ ዞሮ ዞሮ የሚጠቅመው መሪውን ነው የሚል ሐሳብም ነበረው።

ሐሳቡን የወሰደው ከኮምፒውተር ሰዎች፣ ፕሮግራማቸውን ለሕዝብ ክፍት ከሚያደርጉት ነው። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ «ክፍት የጨዋታ ፈቃድ» የሚባል ሰነድ አብሮ ወጣ። ማንም ሰው የሕጉን መሠረት ያለ ክፍያ ወስዶ የራሱን ሥራ እንዲያሳትም ፈቀደ። የተጫዋቾች መመሪያው በወጣበት በዚያው የነሐሴ ትርዒት ላይ ግሪን ሮኒንና አትላስ ጌምስ የሚባሉ ትናንሽ አሳታሚዎች የራሳቸውን የጀብዱ መጽሐፍ ይዘው ቀረቡ። አዲሱን መመሪያ የገዛ ሰው የሚጫወተው ነገር አጠገቡ አገኘ። ዊዛርድስ አንድ ሳንቲም አላወጣበትም።

ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ። እኔ ግን ክፉውንም ንገረኝ አልኩት። መድኃኒት ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት አለው።

አለው። በሩ ሲከፈት ጥሩውም መጥፎውም ገባ። በጥቂት ዓመታት ገበያው በተቻኮሉ መጻሕፍት ተጥለቀለቀ። በ2003 ዊዛርድስ ሕጉን አሻሽሎ ሲያወጣ ባለሱቆች በአሮጌው ሕግ የተሠራ ክምር ዕቃ ታቅፈው ቀሩ። በዚያው ዓመት አንድ አሳታሚ ለልጆች የማይሆን፣ ብልግና ላይ ያተኮረ መጽሐፍ ሊያወጣ ተነሳ። ዊዛርድስ ፈጥኖ የጨዋታውን ዓርማ መጠቀም ለሚፈልጉ የጨዋነት ደንብ ጨመረ። መጽሐፉ ያለ ዓርማው ወጣ። ይህን ለእናንተ ለወላጆች ሆን ብዬ ነው የምጽፈው፦ ሽፋኑ ላይ የታወቀው ጨዋታ ስም ስላለ ብቻ ውስጡን ሳታዩ አትግዙ። እኔ አምስቱንም ገልጬ አይቻለሁ፤ አንዱን ልጁ ራሱ «ይሄን ለትናንሾቹ አላሳያቸውም» ብሎ ለብቻው አስቀምጦት ነበር። ደስ አለኝ።

ትልቁ ጉዳት ግን የመጣው ከጎረቤቶቹ ሳይሆን ከባለቤቱ ነው። በ2008 ዊዛርድስ አራተኛውን እትም ሲያወጣ ክፍቱን ፈቃድ ትቶ ጠበቅ ያለ አዲስ ፈቃድ ይዞ መጣ። ፓይዞ የሚባል ድርጅት ነበር፤ የዊዛርድስን ሁለት መጽሔቶች ለዓመታት በፈቃድ ያሳተመ፣ ጨዋታውን የሚወድ። መጽሔቶቹም በ2007 ከእጁ ወጥተዋል። በአዲሱ ፈቃድ ከመግባት ይልቅ በአሮጌው ክፍት ፈቃድ ተጠቅሞ በ2009 ፓዝፋይንደር የሚባል የራሱን ጨዋታ አወጣ። አሮጌውን ሕግ የሚወዱ ሰዎች ተከተሉት። ትናንት ለኩባንያው ደንበኛ ያመጣ የነበረ ጎረቤት ዛሬ ደንበኛውን ይዞ ሄደ።

ዊዛርድስ ከዚህ የተማረ ይመስላል። አምስተኛው እትም በ2014 ሲወጣ የመጀመሪያውን ትልቅ የጀብዱ መጽሐፍ ያጻፈው ከሦስተኛ ወገኖቹ አንዱ በሆነው በኮቦልድ ፕሬስ ነው። በ2016 መሠረታዊ ሕጉን እንደገና በክፍቱ ፈቃድ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ማንም ጸሐፊ የኩባንያውን ዓለሞች ተጠቅሞ የጻፈውን የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ተከፈተ፤ ጸሐፊው ከሽያጩ ግማሹን ይወስዳል። ክሪቲካል ሮል የሚባሉ ተዋንያን ሲጫወቱ በቪዲዮ እያሳዩ ዝነኛ ሆኑ፤ የፈጠሩትን ዓለም መጀመሪያ በ2017 ያሳተመላቸው ግሪን ሮኒን ነው። በ2020 ግን ዊዛርድስ ራሱ ሌላውን የዓለማቸውን ክፍል በመጽሐፍ አወጣ። ሌላው ሞክሮ፣ ገዢ መኖሩን አሳይቶ፣ ከዚያ ባለቤቱ ይገባበታል። የእኛን የጤና ጣቢያ ነገር አስታወሰኝ። ወጣት ነርስ ገጠር ትለማመዳለች፣ እጇ ሲፈታ ትልቁ ሆስፒታል ይወስዳታል። ለማስተማሪያዋ ሆስፒታሉ ምንም አላወጣም።

ከዚያ በጥር 2023 የሆነውን ልጁ ሲያወራ ድምፁ ተለወጠ፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ዊዛርድስ ክፍቱን ፈቃድ ሽሮ በሌላ ሊተካ ያዘጋጀው ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ አሳታሚ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ እስከ 25 በመቶ እንዲከፍል ይጠይቃል። ከገቢ እንጂ ከትርፍ አይደለም፤ ወረቀትና ማተሚያ ከፍሎ ለሚተርፈው ሰው ይህ ማለት ሱቁን መዝጋት ነው። ተጫዋቾች ተቆጡ። ብዙዎች በየወሩ ለኩባንያው ድረ ገጽ የሚከፍሉትን አቋረጡ። የልጅ ልጄም እናቱን ለምኖ አስቋርጧታል። «ምን እንዳናደደው አልገባኝም ነበር፣ ገንዘብ ስለተረፈኝ እሺ አልኩት» ትላለች ልጄ። ኩባንያው አስተያየት ልስማ ብሎ መጠይቅ ቢያወጣ ከ15,000 ሰው በላይ መለሰ። ጥር ሳያልቅ ረቂቁ ተጣለ፤ መሠረታዊው ሕግ ደግሞ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ኩባንያው ራሱ መልሶ ሊሽረው በማይችል ፈቃድ ተለቀቀ። አሳታሚዎቹ ግን ልባቸው ደንግጧል። ፓይዞ ለሌሎችም የሚያገለግል አዲስ ፈቃድ አስጻፈ፤ ኮቦልድ ፕሬስ የራሱን ጨዋታ ሠራ። አንድ ወር ባልሞላ ነገር የሃያ ዓመት ጉርብትና ተቀየመ።

እኔን የከነከነኝ ኩባንያው ከጎረቤቶቹ የሚያገኘው ጥቅም በደብተር የማይጻፍ መሆኑ ነው። 25 በመቶ ቁጥር ነው፤ አለቃ ፊት ይቀርባል። «እከሌ የጻፈውን ተረት ለመጫወት ብሎ የእኛን መመሪያ የገዛ ልጅ» ግን በየትኛው ዓምድ ይገባል? ክትባትም እንዲህ ነው። የዳነውን ሕፃን ማንም አይቆጥርልህም፤ ያልታመመ ሰው ጤና ጣቢያ አይመጣም።

እንግዲህ ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። ክስ የለም። ልጁ የሚጠቀመው በክሪኤቲቭ ኮመንስ የተለቀቀውን ሰነድ ነው። ሰነዱ በነፃ ይወርዳል፤ ግዴታው ምንጩን በተባለው ቃል መጥቀስ ነው። የኩባንያውን ዓርማና እዚያ ሰነድ ውስጥ ያልገቡ ፍጡራንን መንካት አይችልም። ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ምንጩን የሚጠቅሰውን ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ውስጥ ጽፎ አሳየኝ። በስልክ ለልጄ አነበብኩላት።

«ትምህርቱስ?» አለች።

«እሱን ከእሱ ጋር ተነጋገሪ» አልኳት። ከረር ያለ ክርክር ሆነ፣ እኔም ቡና ላፈላ ወጣሁ። በመጨረሻ የተስማሙት በግማሹ ነው። ካጠራቀማት ለሰዓሊ ግማሿን ይክፈል፣ ግማሿ ለኮሌጅ ትቀመጥ፤ ሽያጩ በእናቱ ስም ይሁን፤ ውጤቱ ከቀነሰ መጽሐፉ ይቆማል። ልጁ አኮረፈ። ሁለት ቀን ያህል እንጀራ እንኳ በደንብ አልበላም። እኔም ጣልቃ አልገባሁም፤ ወላጅ የወሰነውን አያት ስታፈርስ ቤት ይፈርሳል።

መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ማታ ማታ ስለ ድሮ ሥራዬ ይጠይቀኝ ነበር። ወደ ሙገር ሸለቆ በበቅሎ ስንወርድ፣ የክትባት አይስ ቦክሱን በረዶው እንዳይቀልጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ስናስር፣ ወንዝ ሞልቶ አንድ ሌሊት ሰው ቤት ስናድር። እኔ ለጨዋታ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ ይጽፋል። ተረቱ ውስጥ ዘንዶ አለ፣ ግን ዋናው ነገር ዘንዶውን መግደል አይደለም። ተጫዋቾቹ አንዲት ሐኪም ሴት መድኃኒቷ ሳይበላሽ ከሞላ ወንዝ ማዶ እንድትደርስ ያጅቧታል። «ሐኪሟ እኔ ነኝ?» ብለው «አንቺ ከእሷ ትሻያለሽ» አለኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ሊሞክረው ተጫዋች ፈለገ። ከጎረቤቴ ልጆች ሁለቱ፣ ከታች ሰፈር ደግሞ አንድ መጡ። ከአሜሪካ ያመጣው ኦሮምኛ የለውም፤ እነሱም እንግሊዝኛቸው የክፍል ነው። በሦስት ቋንቋ ተጫወቱ። ባለ ሃያው ዳይስ ሃያ ሲያወጣ «ዲግዳማ!» ብለው ሲጮሁ ጣራዬ ይነሳል። ከመካከላቸው ትልቁ በሁለተኛው ሳምንት የሕጉ መጽሐፍ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ሃምሳ ዶላር ገደማ ሲባል አፉን ያዘ። የልጅ ልጄ ነፃውን ሰነድ ስልኩ ላይ አስገባለት። ያ ኩባንያ ጫንጮ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። ግን እዚህ ስሙን የሚጠራ፣ ገንዘብ ሲያገኝ መጽሐፉን እገዛለሁ የሚል ልጅ አለው፤ ያመጣለትም የእኔ የልጅ ልጅ ያልታተመ ተረት ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ቦሌ ሸኝቼው ስመለስ ዳይሶቹን ሶፋዬ ላይ ትቷቸው አገኘሁ። ለልጆቹ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ የእነሱ ነው፤ ትልቁ ልጅ ይተርካል፣ እኔ ቆሎ አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወተት ልትሰጠኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሲስተር፣ ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው፤ ያ ዘንዶ ሞተ እንዴ?»